ልጄን በመስኮት መስታወት ነበር ፀሐይ የማሞቀው፣ በ11 ወሩ ሪኬትስ ተባለ

ሪኬትስ ማለት በቫይታሚን ዲ እጥረት የሕፃን አጥንት የሚለሰልስበት በሽታ ነው። ይሄን የምጽፈው ለኔ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። እንደኔ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የመጀመሪያ ልጇን ታቅፋ የተቀመጠች አንዲት እናት ካነበበችው ይበቃኛል።

እርግዝናውም ወሊዱም ደህና ነበር። ክትባት አንድ ቀን አላሳለፍኩም፣ ከ45 ቀኑ ጀምሮ ሁሉም ካርዱ ላይ አለ። እስከ 6 ወሩ ጡት ብቻ ነው ያጠባሁት፣ ስራ ከገባሁ በኋላም እያለብኩ ፍሪጅ እያስቀመጥኩ (6 ወር ጡት ብቻ አጥቡ ይሉናል፣ አዋጁ ደግሞ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠን 90 ቀን ነው፣ ሁለቱን እንዴት እንደምናስታርቅ የነገረን የለም፣ ብቻ እሱ ሌላ ቀን)።

እኔ የተሳሳትኩት ፀሐይ ላይ ነው።

እማዬ ከደብረ ማርቆስ ልታርሰኝ መጥታ ገና ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ታች ልብስ ማስጫው ጋር ይዛው ትወርድ ነበር፣ ቅባት ቀብታ እግሯ ላይ አጋድማ ጀርባውን፣ ከዛ ሆዱን ታሞቀዋለች። በ40 ቀኑ ክርስትና ተነሳና እሷም ሄደች። ከዛ በኋላ እኔ ፈራሁ፣ ብርድ ይመታዋል ብዬ፣ ዓይን ያርፍበታል ብዬ፣ አቧራውም አለ። አራተኛ ፎቅ ነን፣ ሳሎን መስኮቱ ላይ ጠዋት ጠዋት የሚያምር ፀሐይ ይገባል፣ ስለዚህ መስታወቱን ዘግቼ ልብሱን አውልቄ ግማሽ ሰዓት እዛ ጋር አስተኛዋለሁ፣ ገላው ሲሞቅልኝ ደስ ብሎኝ ወደ ስራዬ እሄዳለሁ። ለሰራተኛችንም "ውጪ እንዳታወጪው" ብዬ አጥብቄ ነገርኳት፣ እሷም እንዳልኳት አደረገች።

መስታወት ሙቀቱን ያስገባል እንጂ ቆዳ ላይ ቫይታሚን ዲ እንዲሰራ የሚያደርገውን ጨረር አያሳልፍም። የጡት ወተትም ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ቫይታሚን ዲ በጣም ትንሽ ነው ያለው። እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ሰው አንድ ቀን ቢነግረኝ ኖሮ።

ምልክቱ እኮ ነበር። ሲጠባ ጭንቅላቱን ያልበዋል፣ ትራሱ ርሶ ያድራል። በ8 ወሩ አይቀመጥም፣ ጥርስ የለም፣ እርግብግቢቱ ሰፊ ነው። ለ9 ወሩ የኩፍኝ ክትባት ስሄድ ነርሷን ጠየቅኳት፣ በሹራቡ መዘነችው፣ ካርዱ ላይ ነጥብ አደረገችና "ኪሎው በጣም አሪፍ ነው እናት፣ ወፍራም ልጅ ይዘገያል" አለችኝ። ኪሎው ልክ ስለሆነ ልጁ ልክ ነው ማለት ነው! ከኋላዬ ሰልፍ እንደነበረ አውቃለሁ፣ ግን ሹራቡን ማስወለቅ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? እስከዛሬ ያናድደኛል። አላምን ብዬ የግል ክሊኒክ ወሰድኩት፣ እዛም ሳይነኩት ካልሲየም ሲሮፕና ሌላ ሁለት ጠርሙስ ይዤ ወጣሁ። ቫይታሚን ዲ ከሌለ ሰውነቱ ካልሲየሙን በደንብ አይወስደውም፣ ሁለት ወር ሙሉ በከንቱ አጠጣሁት።

11 ወር ሲሆነው ሳል ያዘው፣ በሦስተኛው ቀን ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሌሊት ሆስፒታል ሮጥን። ሳንባ ምች ነው አሉ፣ ኦክስጅን ተደረገለት። ጠዋት ላይ አንድ ወጣት ሐኪም መጥቶ የልጄን እጅ በሁለት ጣቱ ያዘና "እናቱ፣ ነይ እዚህ ጋር ዳብሺው" አለኝ። ከእጁ አንጓ ከፍ ብሎ ሌላ አንጓ ያለ ነው የሚመስለው፣ ወፍራም፣ ድርብ። በየቀኑ የማጥበው እጅ ነው። እኔ የሕፃን ውፍረት ነው ብዬ እስመው ነበር። ከዛ ሸሚዙን ገልጦ የጎድን አጥንቶቹን ጫፍ አሳየኝ፣ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ተደርድሯል።

"ፀሐይ ታሞቂዋለሽ?"
"አዎ፣ በየቀኑ።"
"የት?"
"መስኮት ጋር።"

ትንሽ ዝም አለና ኤክስሬይ አዘዘ። የአጥንቱ ጫፍ ቀጥ ማለት ሲገባው ጎድጉዶ እንዳለቀ ብሩሽ ተበጣጥሷል። የጎድን አጥንት ሲለሰልስ ልጅ በደንብ መተንፈስም ማሳልም ስለማይችል ሳንባ ምች እንደሚበረታበት ያኔ ነው የገባኝ። እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ተጠንቶ በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ሪኬትስ በሳንባ ምች በታመሙ ሕፃናት ላይ በብዙ እጥፍ በዝቶ እንደተገኘ ያሳያል። ይሄን ያህል ዘመን እየታወቀ ለምን የክትባት ካርዱ ላይ አንድ መስመር አይጻፍም?

ሕክምናው ከባድ አልነበረም፣ የቫይታሚን ዲ ጠብታና ካልሲየም አንድ ላይ ለወራት፣ እንቁላልና ወተት፣ ፀሐይ። ጠብታውን ያገኘሁት አምስተኛው ፋርማሲ ላይ ነው። በ1 ዓመት ከ7 ወሩ ተራመደ።

አሁን ለጠየቀችኝ ሁሉ የምለው ይሄንን ነው፦ ልጅሽን አውጪው። ኢንተርኔት ላይ የውጪዎቹ ሐኪሞች ከ6 ወር በታች ቀጥታ ፀሐይ ላይ አታውጡ ይላሉ፣ አንብቤዋለሁ፣ ግን እነሱ አገር ልጁ ከተወለደ ጀምሮ በቀን 400 ዩኒት ጠብታ ይሰጠዋል። ጠብታው ካለሽ ስጪው፣ ከሌለሽ ግን እኔ ከእማዬ ጋር ነኝ። የቀትሩን አልልም፣ ገና ሲነጋ ያለችው ደካማ ፀሐይም ብዙ አትጠቅምም፣ ሦስት ሰዓት አካባቢ፣ ዓይኑን ከልለሽ፣ እጅና እግሩ ተገልጦ፣ ትንሽ ደቂቃ በየቀኑ። ዓይን ያርፍበታል ብለሽ ከፈራሽ ጭንቅላቱን ሸፍኚው፣ እግሩን ግን ተይው። ጭንቅላቱን ካላበው ወይ አንጓው ከወፈረብሽ ደግሞ "ኪሎው አሪፍ ነው" ሲሉሽ አትመለሺ፣ ልብሱን ራስሽ አውልቂና እዩልኝ በይ።

ሁለተኛዋ ልጄ አሁን 4 ወሯ ነው፣ ልብስ ማስጫው ጋር ነው የምናሳልፈው። የትልቁ እግር ሲቆም አሁንም ትንሽ ይጎብጣል፣ ሐኪሙ እያደገ ይስተካከላል ብሎ ቀጠሮ ሰጥቶናል። ለእማዬ ሪኬትስ እንደነበረ አልነገርኳትም። ያን ዓመት ሙሉ በደወለች ቁጥር "ፀሐይ እየሞቀ ነው አይደል?" ትለኝ ነበር፣ እኔም "አዎ እማዬ" እላት ነበር።