«ምንም አላየሁም» ያልኩበት ቀን

እዚህ ቨርጂኒያ አንድ ሆቴል ባንኬት ክፍል ነው የምሠራው፣ ስሙን አልጠራም። ቲፕ ያለባቸው የማታ ሰርጎች ለወንዶቹ ነው የሚሰጡት፣ እኛ ሴቶቹ ጠዋት ስብሰባ ላይ ቡና ማቅረብና ሰሃን ማንሳት። አብራኝ የምትሠራ የሀገሬ ልጅ ይሄ ነገር ልክ አይደለም ብላ ለኤችአር (ለሠራተኛ አስተዳደሩ ክፍል) ኢሜይል ጻፈች፣ ሁለት ሳምንት እንኳን ሳይሞላ ከአምስት ቀን ወደ ሁለት ቀን አወረዷት። ያባረራት የለም፣ የተቆጣትም የለም፣ ዝም ብሎ ስኬጁሉ ላይ ስሟ እየሳሳ ሄደ።

ከዛ እኔን ጠሩኝ። የኤችአሯ ሴትዮ ወረቀቷን ዘርግታ «ሺፍት ሲከፋፈል ሴቶች ሲበደሉ አይተሻል?» አለችኝ። አይቻለሁ እኮ፣ በየሳምንቱ ነው የማየው። ግን ጠዋት ኪችን የሚሠሩት ጋሼ «የኔ ልጅ፣ ለእናትሽ ብር የምትልኪው አንቺ ነሽ፣ የሰው ነገር ውስጥ አትግቢ» ብለውኝ ነበር፣ ክፋት ኖሮባቸው አይደለም፣ ፈርተውልኝ ነው። «ምንም አላየሁም» ብዬ ወጣሁ። ጓደኛዬ ወር ሳትቆይ ለቀቀች።

ያኔ የሚመስለኝ ሕጉ የሚጠብቀው ያመለከተችውን ብቻ ነው፣ እሷንም ካባረሯት ብቻ። ሁለቱም ስህተት ነው፣ ዘግይቼ ነው ያወቅኩት፣ እናንተ ግን አሁኑኑ እንድታውቁት ነው የምጽፈው።

ናሽቪል ቴነሲ ውስጥ ቪኪ ክሮፎርድ የምትባል ለመንግሥት 30 ዓመት የሠራች ሴት ነበረች። ራሷ ሄዳ አላመለከተችም፣ ስለ አንድ ኃላፊ ትንኮሳ ምርመራ ሲደረግ ልክ እንደኔ ጠርተው ጠየቋት፣ እሷ ግን የደረሰባትን አንድ በአንድ ተናገረች። ሰውየውን ምንም አላደረጉትም፣ እሷን አባረሯት። የታች ፍርድ ቤቶች ደግሞ አንቺ ተጠይቀሽ መለስሽ እንጂ አላመለከትሽም ብለው ክሷን ጣሉባት። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2009 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ዘጠኙም ዳኞች ተስማምተው፣ ይሄን ሻሩት፣ ተጠይቆ የመሰከረም ሰው በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ፣ ታይትል ሰቨን በሚባለው የሥራ ቦታ አድልዎን በሚከለክለው ክፍሉ፣ ይጠበቃል አሉ። ይሄን ሳነብ ያቺ የኤችአር ክፍል ወንበር ነው ትዝ ያለችኝ።

ስኬጁል መቀነሱስ? ሜምፊስ ባቡር ኩባንያ ውስጥ ፎርክሊፍት የምትነዳ ሺላ ዋይት የምትባል ሴት ነበረች፣ በክፍሉ ብቸኛዋ ሴት። አለቃዋ ላይ ካመለከተች በኋላ ከፎርክሊፍቱ አውርደው ሐዲድ ሥራ ላይ መደቧት፣ ደሞዙ ያው ነው ሥራው ግን ከባድና ቆሻሻ፣ ኋላ ደግሞ 37 ቀን ያለ ደሞዝ አገዷት። በ2006 ፍርድ ቤቱ ያለው በአጭሩ እንዲህ ነው፣ የተደረገባት ነገር ማንኛውንም ሚዛናዊ ሠራተኛ «ባላመለክት ይሻለኛል» ሊያስብል የሚችል ከሆነ በቀል ነው፣ መባረር የግድ አይደለም። ልጅ ላላት ሴት ከአምስት ቀን ወደ ሁለት ቀን መውረድ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

ወንዶችም ይሄ የኛ ጉዳይ አይደለም እንዳትሉ። በርሚንግሃም አላባማ የሴት ተማሪዎች ባስኬትቦል አሠልጣኝ የነበረው ሮድሪክ ጃክሰን ልጆቹ እንደ ወንዶቹ በጀትና ዕቃ አያገኙም ብሎ ስለጮኸ ከአሠልጣኝነቱ አነሱት፣ በ2005 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ፍርድ ቤቱ መክሰስ ትችላለህ አለው። የተበደሉት ልጆቹ ናቸው፣ በቀሉ የደረሰው ግን እሱ ላይ ነው።

እርግጥ ሕጉ ብቻውን አያድንም። ከ2013 ጀምሮ ባታመለክቺ ኖሮ ይሄ አይደርስብሽም ነበር የሚለውን ማሳየት ያንቺ ሸክም ነው፣ ቀጣሪው አርፍዳ ነው፣ ሥራ ቀንሶ ነው ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ቀን ጻፉ፣ ኢሜይል አስቀምጡ፣ ስኬጁሉን ፎቶ አንሱ፣ በቃል ብቻ አታመልክቱ። ታይትል ሰቨን 15 እና ከዛ በላይ ሠራተኛ ያለውን ቀጣሪ ነው የሚይዘው፣ የሥራ ቦታ አድልዎ አቤቱታ የሚቀበለው ኢኢኦሲ የሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሕጉ የሥራ ፈቃድ የሌለውንም ሰው ከበቀል ይጠብቃል ይላል፣ እዛ ማመልከቻ የሚገባው እንደ ቦታው በ180 ወይም በ300 ቀን ውስጥ ነው፣ እዚህ ቨርጂኒያ 300 ነው። ቀኑ ካለፈ አለፈ።

ሀገር ቤትም ቢሆን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 26 ሠራተኛ አሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ለስንብት ምክንያት አይሆንም ይላል፣ አዲስ አበባ ስሠራ አንድም ቀን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ባለፈው እሁድ ደወልኩላት። ኤችአር ስትጠይቀኝ ዋሸሁ፣ አይቻለሁ ማለት ነበረብኝ አልኳት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች፣ ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዛ «ግድግዳው ላይ የሚለጠፈውን ስኬጁል ፎቶ ታነሺ አልነበር?» አለችኝ። በየሳምንቱ ሺፍቴን ላለመርሳት አነሳ ነበር፣ ስልኬ ውስጥ ሁሉም አለ፣ ከኢሜይሉ በፊት ያለውም በኋላ ያለውም፣ የሷም ስም የወንዶቹም ስም። ቀኑን አብረን ቆጠርን፣ 212ኛው ላይ ነን። ሐሙስ ኦፍ ነኝ፣ አብረን ጠበቃ ጋ እንሄዳለን።