የማን ስም ይቅደም?

የምተዳደረው ፖስተር በመሥራት ነው። አንድ ጊዜ ሁለት መሪ ተዋንያን ያሉት ፊልም መጣልኝ። አንደኛው ዕድሜያቸውን በመድረክ ያሳለፉ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ናቸው። ሌላዋ በቴሌቪዥን ድራማ ስሟ የገነነ ወጣት ናት። ፕሮዲዩሰሩ ለሁለቱም ለየብቻ ስማቸው እንደሚቀድም ቃል ገብቶላቸው ኖሯል። ውሉ ላይ ግን የሰፈረ ነገር የለም።

ንድፉ እንደታየ ነገሩ ፈነዳ። "ለስም ነው እንዴ ይሄ ሁሉ?" ያለ ሰው ነበር። እኔ በዚህ አልስማማም። ቀጣዩ ፕሮዲዩሰር ክፍያ ሲደራደር የሚያየው ፖስተሩን ነው። ጋሼም "ልጄ፣ እኔ የየትም ቤት ቅጥር አይደለሁም፣ ጡረታ የለኝም። ያለኝ ስሜ ነው" አሉኝ። ልጅቷም እንዲሁ፣ ተመልካቹን የምታመጣው እሷ እንደሆነች ታውቃለች። ሁለቱም እውነት አላቸው።

በሀሁ ተራ ይደርደር ተባለ። ያም ለአንዱ ያደላል፤ ቀረ።

ያኔ "ዘ ታወሪንግ ኢንፈርኖ" የተባለው የአሜሪካ ፊልም ትዝ አለኝ፤ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው። ስቲቭ ማኩዊንና ፖል ኒውማን እኩል መሪ ነበሩ። የማኩዊን ስም በግራ ዝቅ ብሎ፣ የኒውማን በቀኝ ከፍ ብሎ ተጻፈ። ከግራ ለሚያነብ ማኩዊን፣ ከላይ ለሚያነብ ኒውማን ይቀድማል። ከዚያ በፊት በ1969 በወጣው "ቡች ካሲዲ ኤንድ ዘ ሰንዳንስ ኪድ" አብረው ሊሠሩ ታስቦ፣ በዚሁ በስም ጉዳይ ሳይስማሙ ቀርተው የማኩዊን ቦታ ለሮበርት ሬድፎርድ ሆኗል።

አማርኛም ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚነበብ ዘዴው ለእኛም ሠራ። የእሷን በግራ፣ የጋሼን በቀኝ ከፍ አድርጌ አስቀመጥኩ። የፊደሉ መጠንም፣ ውፍረቱም፣ ቀለሙም አንድ ነው። አንዱ ትንሽ ቢደምቅ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ይሆን ነበር።

ተገላገልን ስንል የሬዲዮ ማስታወቂያው መጣ። በድምፅ ግን አንዱን ሳያስቀድሙ ሁለት ስም መጥራት አይቻልም። ስለዚህ ሁለት ቅጂ ተቀረጸ፤ አንዱ የእሳቸውን፣ ሌላው የእሷን የሚያስቀድም። በተራ እንዲለቀቁ ተስማሙ፤ ይሄኛው በወረቀት ሰፈረ። ጋሼ ከመፈረማቸው በፊት አንድ መስመር አስጨመሩ፦ ብዙ ሰው የሚያዳምጥበት የጠዋቱ ሰዓትም እኩል ይከፈል። ልጅቷ "ይሄንንስ እኔም አላሰብኩትም ጋሼ" ብላ ፈረመች።