ቆጠራና ነገራ፦ በነሐሴ ዝናብ ሠላሳ ፊልም

ደብረ ማርቆስ ላይ በነሐሴ ፊልም ለሚያይ ሰው ዋናው ጠላት ቆርቆሮ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ዝናቡ ሲጀምር የክፍሌ ጣሪያ ከበሮ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ተዋናዩ ይጩህ፣ ያልቅስ፣ ፕላኔት ይፈንዳ፣ የሚሰማ የለም። ትልቅ ስፒከር ተውሰን ሞክረናል። ዝናቡ አሸነፈን። መፍትሔው የመጣው ከ1902 ነው (የፊልሞቹ ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)፤ እዚያ እደርሳለሁ።

የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ደመወዙ እንደሆነ የትም አያስኬድ፣ ከ2,400 ሜትር ከፍታ በላይ ያለው የከተማችን፣ በድሮ ስሟ የመንቆረር፣ ብርድ ደግሞ ሰውን ቤቱ ይከተዋል። ፊልም በፍላሽ የሚጭን ሱቅ ያለው ጓደኛዬ፣ ሰፈሩ ዲጄ የሚለው፣ በሌላ አገር የሳይፋይ (የሳይንስ ልብ ወለድ) እና የፋንታሲ (የተረትና የአስማት) ፊልም ወዳጆች አንድ ወር ቆርጠው በቀን አንድ ፊልም እያዩ እንደሚፎካከሩ ሰምቶ መጣ። «ቲቸር፣ እኛ ምን ያንሰናል?» አለኝ። ምንም አያንሰንም። እንዲያውም የእኛ ወር ሁሌም 30 ቀን ስለሆነ 28 ነው 31 ነው ብሎ የሚጣላ አይኖርም፤ ያልጨረሰም ቢኖር ጳጉሜን መጠባበቂያ ትሆነዋለች። ነሐሴ 1 ልንጀምር ተስማማን።

ስድስት ነበርን። እኔ፣ ዲጄ፣ ነርሷ ጓደኛችን «ሲስተር»፣ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት የመጡ ሁለት ወንድማማቾች፣ እና መሪጌታ። መሪጌታ ልብስ ሰፊ እንጂ መሪጌታ አይደለም። በልጅነቱ ዋሸራ ወርዶ ጥቂት ዓመት ቅኔ ተምሯል፣ በቆሎ ተማሪነት ዞሯል፣ ኋላ የስፌት መኪና ገዛና ከተማ ገባ። ትምህርቱ ቀረ፣ ስሙ ቀረለት።

ሕጋችን ቀላል ነበር፦ በቀን አንድ ፊልም፣ ግማሹ ሳይፋይ ግማሹ ፋንታሲ፣ ቢያንስ አምስቱ ከሆሊውድ ውጭ የተሠሩ። ብዙ ያየ ያሸንፋል፤ ከሁሉ ያነሰ ለእንቁጣጣሽ ቁርጥ ይጋብዛል።

የመጀመሪያው ስህተት ወዲያው ታየ። ነሐሴን ስንመርጥ ስድስታችንም ፍልሰታን ረስተናል! ወንድማማቾቹ እናታቸው ይዛቸው ሱባዔ ገቡ፤ እስከ 16 ድረስ ዓይናቸውን አላየንም። መሪጌታ ቀን ቀን ቅዳሴ ስላለበት ማታ ብቻ ብቅ ይላል። አከራዬ እማማ ደግሞ በሩ ላይ ቆመው፣ «በእመቤታችን ጾም ጭራቅ ስታዩ ልትከርሙ ነው?» አሉ። መልስ አልነበረንም። በመጨረሻ ተደራደርን፦ ጭራቁም፣ ጠንቋዩም፣ ዘንዶውም ከፍልሰታ ፍቺ በኋላ ይሁን፤ እስከዚያ መንኮራኩርና ሮቦት ብቻ። እማማ መንኮራኩርን ተቃውመው አያውቁም።

ይህ ድርድር ሳናስበው ጠቀመን። ሳይፋዩን ለብቻው ስለደረደርነው ከጥንቱ ጀምረን በዘመን ቅደም ተከተል አየነው። ዝናቡንም የፈታልን ይኸው ነው። የፈረንሳዩ ዦርዥ ሜልየስ በ1902 የሠራው «ጉዞ ወደ ጨረቃ» ድምፅ የለውም፤ 14 ደቂቃ ገደማ ነው፤ በመድፍ የተተኮሰ ጥይት መሳይ መንኮራኩር ሄዶ ጨረቃን ዓይኗ ላይ ይሰካባታል። ጣሪያው እየጮኸ አየነው፣ ምንም አልጎደለብንም። በማግስቱ በዚያው ሰዓት የ1927ቱን የፍሪትዝ ላንግ «ሜትሮፖሊስ» ደገምን፤ ከመሬት በታች ሠራተኞች፣ ከላይ ባለጸጎች፣ መሐል ላይ ሴት የመሰለች ማሽን። የኩብሪክን የ1968 ፊልም «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» ደግሞ ዝናቡ ሲጀምር ከፈትነው፤ የመጀመሪያው 25 ደቂቃ ያህል አንድም ሰው አይናገርበትምና። ሰው መናገር ሲጀምር ዝናቡ አባራ። ቆርቆሮ ቤት ያላችሁ ይህን ያዙ፦ ለዝናብ ሰዓት ድምፅ አልባ፣ ለማታ ንግግር።

መሪጌታ የሜልየስን ፊልም አይቶ «ይቺ ጉባኤ ቃና ናት» አለ። ጉባኤ ቃና የቅኔ ተማሪ የሚጀምርባት ባለ ሁለት ቤት ቅኔ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊልም ሁሉ በቅኔ ዓይነት ይመደብ ጀመር። ሁለት ሰዓት ተኩል የሚያልፈው በሙሉ መወድስ፣ ከረጃጅሞቹ ቅኔዎች አንዱ፣ ሆነ። የታርኮቭስኪን «ሶላሪስ» ግን የት እንደሚመድበው አላወቀም፤ ሲስተር ከሌሊት ፈረቃ መጥታ ስለነበር ከግማሹ በላይ ተኝታበታለች።

ስለ ሰብታይትል ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ጊዜያችንን የበላው እሱ ነው። ቪኤልሲ በሚባለው የፊልም ማጫወቻ ፕሮግራም ላይ ጽሑፉ ከድምፁ ሲቀድም ወይም ሲዘገይ የኪቦርዱን ጂ እና ኤች ቁልፎች በመጫን በ50 ሚሊ ሰከንድ ወደፊትና ወደኋላ ማስተካከል ይቻላል። ይህን ያወቅሁት በስድስተኛው ቀን ነው፤ እስከዚያ ድረስ ሰውዬው ሞቶ ካለቀ በኋላ «አድኑኝ» ሲል እናነብ ነበር። እንግሊዝኛውን በፍጥነት የምናነበው እኔና ሲስተር ብቻ ስለነበርን ደግሞ እያቆምኩ እተረጉማለሁ። የሁለት ሰዓት ፊልም ሦስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። አሁን ብጀምር ከውጭ ቋንቋዎቹ አጫጭሮቹን እመርጥ ነበር።

ከአጫጭሮቹ ሁለቱ አልረሳቸውም። አንዱ የኬንያዊቷ ዋኑሪ ካሂዩ «ፑምዚ» ነው፤ በ2009 የተሠራ፣ ወደ 20 ደቂቃ የሚሆን። ውኃ ባለቀበት ዓለም ውስጥ አንዲት ሴት አንድ ችግኝ ለመትከል ትወጣለች። ከላይ ነሐሴ ይወርዳል፣ ደጁ በጎርፍ ተሞልቷል፣ የዓባይ አገር ሰዎች ተቀምጠን በጠብታ ስለምትለካ ውኃ እናያለን። ማንም አልተናገረም። ሁለተኛው የ1962ቱ «ላ ዠቴ» ነው፤ 28 ደቂቃ፣ ከአንዲት ቅጽበት በስተቀር በቆሙ ፎቶግራፎች ብቻ የተሠራ። የመረጥነው ለጥበቡ አልነበረም፤ መብራት ጠፍቶ የላፕቶፔ ባትሪ 40 ደቂቃ ብቻ ስለሚይዝ ነው።

በአማርኛ የሚነገረውን «ክራምብስ»ንም አየን፤ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው የ2015 ፊልም ነው። ዓለም ካለቀች በኋላ የእኛ ዘመን ኮተት፣ የልጆች መጫወቻ ሳይቀር፣ እንደ ንዋየ ቅድሳት ይከበራል። ሰብታይትል ሳንጠብቅ ሳይፋይ ማየት ምን ያህል እንደሚያሳርፍ! ዲጄ «ምኑም አልገባኝም» ብሎ ተነሣ፤ መሪጌታ ደግሞ ሁለት ጊዜ አየው። እኔ መሐል ላይ ነኝ።

አሁን ወደ ነሐሴ 9 ማታ ልሂድ፤ ውድድሩን የለወጠው ያ ነው። የ1968ቱን «ፕላኔት ኦፍ ዘ ኤፕስ» በዲጄ ቴሌቪዥን እያየን ነበር፤ ዝንጀሮዎች የሚገዟት ምድር ላይ የወደቀው ጠፈርተኛ አምልጦ በፈረስ የባሕሩን ዳርቻ ይዞ ሲሄድ ድርግም አለ። ላፕቶፑ ከሰዓት በኋላ በ«ላ ዠቴ» ባትሪውን ጨርሷል። እማማ ሻማ ይዘው ገቡ፣ «ታዲያ ሰውዬው የት ደረሰ?» አሉ። ለካ በራቸውን ገርበብ አድርገው ሲከታተሉ ኖረዋል።

ዲጄ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ድሮ አይቼዋለሁ» አለና ቀጠለ። ሰውዬው ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ፈረሱ ይደክመዋል። ውኃ ሊያጠጣው ጎንበስ ሲል ከባሕሩ ሥር አንድ የሚያበራ ነገር ያያል። ልብሱን አውልቆ ይጠልቃል። የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ነው! ከነመስቀሉ። ያን ጊዜ፣ ይቺ የዝንጀሮ አገር የገዛ አገሩ እንደሆነች ገባው። እማማ አማተቡ። ሲስተር አፏን ይዛ ቀረች። ዝናቡ እንኳ ያን ማታ ያቆመ መስሎኛል።

መብራት የመጣው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። የቀረችውን ከፈትን። እማማ ዕድር ሄደው አልነበሩም። ሰውዬው በፈረስ ይሄዳል፣ ይወርዳል፣ አሸዋ ውስጥ ግማሽ አካሏ የተቀበረውን የነጻነት ሐውልት ያያል፣ ይንበረከካል። አለቀ። ሁላችን ወደ ዲጄ ዞርን። ከመሐሉ ጀምሮ ተኝቶበት እንደነበር አመነ። መሪጌታ ጥቂት አሰበና፣ «ጉልላቱ ይሻል ነበር» አለ።

ክርክሩ የተነሣው ከዚያ ነው። ዲጄ ድሮ ያን ፊልም «አይቷል»፤ ቢቆጠር ይቆጠርለት ነበር። እኔም ከትርጉም ድካም የተነሣ ካየኋቸው ዘጠኝ ፊልሞች የሁለቱ መጨረሻ ጠፍቶኛል። መሪጌታ እንዲህ አለ፦ «እናንተ ቆጠራ የምትሉት ሌላ ነው። እኛ ዘንድ ተማሪ ቀን ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ በልቡ ያወጣዋል ማለት ነው። ማታ ለየኔታ ይነግራል። ነገራ ከሌለ ቆጠራው የለም። የኔታ ካልተቀበሉት ያ ቀን ባዶ ነው።»

ስለዚህ ሕጉን ቀየርነው። ፊልም የሚቆጠረው ላላየው ሰው ነግሮ ሰሚው «ገባኝ» ሲል ብቻ ሆነ። መሪጌታ ልብስ ለመውሰድ ለሚጠብቁ ደንበኞቹ ይነግራል፣ ሲስተር በሌሊት ፈረቃ ለሥራ ባልደረቦቿ፣ ዲጄ ለሱቁ ልጆች። ለእኔ እማማ ደረሱኝ። ቀላል የኔታ አልነበሩም።

በመጀመሪያው ፈተና ወደቅሁ። የ1999ኙ «ማትሪክስ» ነበር፤ ደጋግሜ ያየሁት፣ ለተማሪዎቼ ምሳሌ የማደርገው። ስለ ኮምፒውተር ጀመርኩ፣ ስለ ኮድ ገለጽኩ፣ እውነታ ምንድን ነው እስከሚለው ደረስኩ። እማማ ቡናውን እየቀዱ፣ «ታዲያ ተኝተው ነው የሚደባደቡት?» አሉ። አዎ አልኩ። «እና ማን ይመታቸዋል?» አልገባቸውም፤ አልተቆጠረም። መሪጌታ በማግስቱ በአምስት ደቂቃ ጨረሰው፦ አንድ ሰው ነበር፣ ኑሮው ሁሉ ሕልም ነው፣ አላወቀም፣ አንድ እንግዳ መጥቶ «ልቀስቅስህ ወይስ ልተውህ?» አለው። እማማ «እሺ፣ ከዚያስ?» አሉ። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ያስተማርኩት መምህር ከሰው ሳይሆን ከጽንሰ ሐሳቡ ስለምጀምር ነበር የወደቅሁት። መስከረም ላይ የአንጻራዊነትን ትምህርት የጀመርኩት ከእማማ በተማርኩት መንገድ ነው።

«ኢንተርስቴላር»ን ስነግራቸው ከሰውዬው ጀመርኩ። ልጁን ቤት ትቶ ወጣ፤ አንድ ሰዓት ለሰባት ዓመት የሚቆጠርባት ፕላኔት ላይ አረፈ፤ ሲመለስ ልጁ አርጅታ ጠበቀችው። የጥቁር ጉድጓድ ስበት ጊዜን እንደሚያዘገይ ላስረዳ ስዘጋጅ እማማ እጃቸውን አነሡ። «ይሄማ የአቤሜሌክ ነገር ነው» አሉ። አቤሜሌክ በተረፈ ባሮክ ኢየሩሳሌም ስትማረክ በለስ ይዞ ጥላ ሥር ያንቀላፋውና 66 ዓመት ተኝቶ ሲነሣ በለሱ እንደ ትኩስ የቆየው ሰው ነው። ተቆጠረልኝ። ለፊዚክሱ ግን አሁንም ነገሩ ያንቀላፋ ሰው ሳይሆን የዘገየ ሰዓት ነው ብዬ መከራከሬ አልቀረም።

ከ16 በኋላ ያለውን የፋንታሲ ግማሽ ብዙ አልተርክም። ወንድማማቾቹ ተመለሱ፣ በቀን ሁለት ሁለት እያዩ ሊደርሱብን ሮጡ፣ አንደኛው በአራተኛው ቀን ራስ ምታት ይዞት ተወው። ጦርነትና ሰይፍ የበዛባቸው ሦስት ሰዓት የሚፈጁ ፊልሞች ለነገራ አይመቹም፤ ሁሉም ስሞቹን ያደባልቃል። ከሁሉም የቀረችልኝ የጃፓናዊው ሚያዛኪ «ስፒሪትድ አዌይ» ናት፤ የ2001። ሲስተር ናት ቡና ላይ ለእማማ የነገረቻቸው። አንዲት ልጅ የመናፍስት መታጠቢያ ቤት ገብታ ሎሌ ትሆናለች፤ ጠንቋይዋ ስሟን ትወስድባታለች፤ ስሟን ከረሳች መቼም አትመለስም። እማማ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ለዚህ እኮ ነው የክርስትና ስም ለማንም የማይነገረው» አሉ። ሲስተር ታሪኩን ለመጨረስ ሩብ ሰዓት ጠበቀች፤ እማማ ስሙ ታውቆ መተት የተደረገበትን የአንድ ሰው ነገር ጀምረው ነበርና።

ነሐሴ 30 ስንቆጥር እኔ 30 አይቼ 17 ተቆጥሮልኛል። ሲስተር 24 አይታ 21 ስላለፈላት አሸነፈች። መሪጌታ ከ20ው 18። ዲጄ 30ውንም አይቷል፤ ያለፈለት ግን 9 ነው። ችግሩ መናገር አለማወቁ አልነበረም፤ የጉልላቱ ወሬ ሰፈሩን አዳርሶ ስለነበር እውነቱን ሲናገር እንኳ የሱቁ ልጆች «ይቺንስ ከየት አመጣሃት?» እያሉ አናምንም አሉት። የጳጉሜን መጠባበቂያም አላዳነውም። ጳጉሜን 3 ለሩፋኤል ዝናብ ሁሉም ደጅ ወጥቶ ሲታጠብ እሱ ብቻውን ቴሌቪዥን ፊት ነበር።

ቁርጡን ከፈለ፣ አኩርፎም አልቆየም። አንድ ዕዳ ግን አልተሰረዘለትም። መብራት ሲመጣ ነሐሴ 11 ያየነውን እውነተኛ መጨረሻ ለእማማ የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ ማናችንም አልደፈርንም። በመስከረም መጀመሪያ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የልጅ ልጃቸውን ፍላሽ በመሐረብ ቋጥረው ሱቁ መጡ። «ያቺን ጉልላቷ ባሕር ውስጥ ያለችዋን ጫንልኝ፤ በዓይኔ ልያት» አሉት።

ዲጄ ፍላሿን ተቀብሏል። በመንገድ ባዩት ቁጥር ይጠይቁታል። «እየፈለግኩ ነው እማማ፣ ጥራት ያለውን ነው የምፈልግልዎት» ይላቸዋል።