ከሥራ ሰዓት ውጭ ኪንግስተን፦ የመንገድ ላይ ፎቶ ልምምዴ

የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ጃማይካ ወስዶኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ ስብሰባ ነው፤ ኒው ኪንግስተን በሚባለው የሆቴልና የባንክ ሰፈር፣ ጃኬት በሚያስለብስ ቀዝቃዛ አዳራሽ ውስጥ። ለፎቶ የቀረኝ ማለዳና ምሽት፣ ሲቀናኝ ደግሞ ቅዳሜና እሁድ ነው። የመንገድ ላይ ፎቶ ከአዲስ አበባ ውጭ ስሞክር የመጀመሪያዬ ስለሆነ ያየሁትን ላካፍላችሁ።

ከብርሃኑ ልጀምር። ከተማዋ ፊቷን ለወደቡ፣ ጀርባዋን ለብሉ ማውንቴን ተራራ ሰጥታ ነው የተቀመጠችው። የተራራው ጫፍ 2,256 ሜትር ነው። እኛ አዲስ አበባ ታክሲ የምንሰለፍበት ከፍታ መሆኑ ነው፤ ይህን ስነግራቸው ግን ማንም አላመነኝም። ጠዋት ተራራው ጥርት ብሎ ይታያል፤ ረፋድ ላይ ደመና ይለብሳል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ድረስ ያለው ብርሃን ለስላሳ ነው። ከዚያ በኋላ ፀሐይዋ አናት ላይ ትወጣና ኮፍያ ያደረገ ሰው ሁሉ ዓይኑ ጥላ ውስጥ ይገባል።

ወበቁም ሌላ ጣጣ አለው። ካሜራው ከቀዘቀዘ ክፍል ሲወጣ ሌንሱ ወዲያው ጉም ይለብሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከመውጣታችሁ በፊት በሚዘጋ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ክተቱት፣ ውጭ ሙቀቱን እስኪለምድ አትክፈቱት። ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ሞቃት ከተማ የሄደ ሰው ይህን ያውቃል፤ ደብረ ብርሃን ላደገ ሰው ግን አዲስ ትምህርት ነው።

ዳውንታውን ስወርድ ዓይኔን የሳበው የቆርቆሮ አጥር ነው። ዝገት የበላው፣ በላዩ ላይ ቀለም የተቀባ፣ ቀለሙ ደግሞ የተላላጠ ቆርቆሮ። ሰፈር ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። ለፎቶ ደግሞ ጥቅም አለው፤ ፀሐይ ሲመታው ብርሃኑን መልሶ ከፊት ለፊት የቆመ ሰው ፊት ላይ ይጥላል። ነጭ ግድግዳ ፊት ለፊት ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ካሜራው በነጩ ይታለልና የሰውየውን ፊት ያጠቁረዋል። እዚህ ያሻሻልኩት ነገር ቢኖር ይሄ ነው፦ የካሜራውን የብርሃን ልኬት ፊት ላይ አድርጌ ግድግዳው ቢነጣም ይንጣ ማለት ጀመርኩ። ጥቁር ቆዳ የራሱ ብዙ ቀለም አለው፤ ያንን ለማየት ለግድግዳው ማዘን አያስፈልግም።

ዋተር ሌን የሚባለው መንገድ ላይ ግድግዳው ሁሉ ሥዕል ነው። ሙዚቀኞች፣ ፊቶች፣ ደማቅ ቀለም፤ ዓይን አዋጅ ይሆንባችኋል። እውነቱን ለመናገር ግን ሥዕሉን ብቻ ማንሳት የሌላ ሰው ሥራ መቅዳት ነው። አንድ ግድግዳ መረጥኩና ሰው እስኪያልፍ ጠበቅሁ። ከጠበቅኩት ውስጥ የረባኝ ጥቂት ነው፤ ሥዕሉን ብቻ ካነሳሁት ሁሉ ግን ይሻላል።

ኮሮኔሽን ገበያ ደግሞ መርካቶን ለሚያውቅ ሰው አያስደነግጥም። ቦዬ የመሰለ ያም ክምር፣ ቃሪያ፣ የተከመረ ጎመን፣ በረድፍ የተቀመጡ ነጋዴ ሴቶች። እኔን ያስቆመኝ አኪ የሚሉት ፍሬ ነው። ቅርፊቱ ቀይ ነው፤ ሲበስል ራሱ ሦስት ቦታ ይሰነጠቅና ቢጫ ሥጋው ብቅ ይላል፤ በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ ደግሞ እንደ ጫማ ቀለም የሚያብረቀርቅ ጥቁር ፍሬ አለ። ሳይከፈት ከተበላ መርዝ ነው። ከጨው ዓሣ ጋር ተሠርቶ ቁርስ ላይ ይበላል፤ ሳየው እንቁላል ፍርፍር መስሎኝ ነበር።

እዚያ ገበያ ካሜራ ይዞ ዝም ብሎ መዞር አይቻልም። ሰው ፊት ይነሳል፣ አንዳንዱም በግልጽ ይቆጣል። ልክም ናቸው። ሱቅ ሲገባ፣ ታክሲ ውስጥ ሲቀመጡ፣ መጀመሪያ ሰላምታ ነው። ቀይ ታርጋ ያላቸው የመስመር ታክሲዎች ውስጥ እየተጣበቁ የሚገቡት ሰዎች ሁሉ «እንደምን አደራችሁ» ብለው ነው የሚቀመጡት። ስለዚህ ካሜራዬን ወደ ታች አድርጌ ሰላም ማለት፣ የሆነ ነገር መግዛት፣ ከዚያ መጠየቅ ጀመርኩ። በሰዓት የማነሳው ቁጥር በጣም ቀነሰ። የሚቀረው ግን በዛ።

ኢትዮጵያዊ መሆን ግን ነገሩን ያወሳስበዋል። መጥረጊያ የሚሸጡ አንድ አዛውንት ራስታ «ከየት ነህ?» አሉኝ። ስነግራቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ጥያቄው የእሳቸው ሆነ፦ ስለ ሻሸመኔ፣ ስለ ላሊበላ፣ ስለ ንጉሡ። እኔ ሻሸመኔን የማውቃት ሐዋሳ ስሄድ በመኪና መስኮት ነው። «አልፌባታለሁ፣ አባቴ» አልኳቸው፤ ትንሽ ቅር አላቸው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ሲመጡ ዛሬ ኖርማን ማንሊ በሚባለው አውሮፕላን ማረፊያ ሕዝቡ ጥበቃውን ጥሶ አውሮፕላኑን ከቦት ነበር። እዚህ ቀኑን ዛሬም ያከብሩታል። ይህን አውቆ «ኢትዮጵያዊ ነኝ» ማለት በር የሚከፍት ቁልፍ እንደሆነ ወዲያው ይገባችኋል። እኔ ግን ለፎቶ ብዬ ላለመጠቀም ወሰንኩ። ከጠየቁኝ እመልሳለሁ፤ ካልጠየቁኝ እንደማንኛውም መንገደኛ ልፍቀድልህ አልፍቀድልህ ይበሉኝ። ማክስፊልድ ጎዳና ላይ ያለው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን እሁድ ስሄድም ካሜራው ከቦርሳ አልወጣም።

ለልምምድ ከሁሉ የበለጠኝ ፖርት ሮያል ነው። ከወደቡ ማዶ፣ በቀጭኑ የመሬት ምላስ ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1692 የመሬት መንቀጥቀጥ አብዛኛዋን ባሕር ውስጥ አስገባት፤ ኪንግስተን ራሷ የተቆረቆረችው ከዚያ በኋላ ነው። እዚያ ምሽጉ አጠገብ ጊዲ ሃውስ የሚባል አሮጌ የመሣሪያ ግምጃ ቤት አለ። እ.ኤ.አ. በ1880 ተሠርቶ በ1907ቱ መንቀጥቀጥ ግማሽ ጎኑ መሬት ውስጥ ሰምጦ እንደተንጋደደ ቀረ። ውስጡ ስትገቡ ግድግዳው ቀጥ ያለ ይመስልና ራሳችሁ የወደቃችሁ ይመስላችኋል። ፎቶ ስታነሱ ደግሞ ፈተና ነው። ግድግዳውን ቀጥ ካደረጋችሁ ሰዎቹ ይወድቃሉ፤ ሰዎቹን ቀጥ ካደረጋችሁ ቤቱ ይወድቃል። ዓይኔን ትቼ ካሜራው ላይ ያለውን የሚዛን መስመር ተከተልኩ። በበሩ በኩል የሚታየው የውጭው መሬት ቀጥ ሲል፣ ግድግዳውን ተደግፋ የምትስቅ ልጅ ተንጋዳ የቆመች ትመስላለች። ካነሳኋቸው ሁሉ የወደድኩት ይሄን ነው።

ያልተፈታልኝ ምሽቱ ነው። ለሁለት የተሰነጠቀ የዘይት በርሜል ላይ ዶሮ ይጠብሳሉ፤ ክዳኑ ሲከፈት ጭሱ ይወጣል፣ ከላይ አንድ አምፖል ብቻ አለ። ሹተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) ሳዘገየው ጭሱ ያምራል፣ ጠባሹ ግን ይደበዝዛል። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ሳወጣው ደግሞ ጥቁሩ ሁሉ አሸዋ ይሆናል። ከእናንተ መሃል ማታ ጥብስ ቤት ያነሳ ሰው ካለ፣ ሹተሩን ስንት ላይ እንዳደረገው ይንገረኝ።