«ከምሳ በኋላ ኑ»

ዛሬ የእማዬን መታወቂያ ልናሳድስ ወረዳ ሄድን። ጠዋት 2፡30 ላይ ወረፋ ያዝን። ወደ 5 ሰዓት ገደማ ከመስኮቱ ጀርባ «ሲስተም የለም፣ ከምሳ በኋላ ኑ» ተባለ። ሰው ሁሉ አጉረመረመ። እማዬ ግን ነጠላዋን አስተካክላ፣ «ከቤት ከወጣን አይቀር እንጦጦን አየት አድርገን እንምጣ» አለችኝ።

ከሽሮ ሜዳ ታክሲ ያዝን። የምትወደውን የገብስ ቆሎም ገዛንላት። እንጦጦ ማርያም ስንደርስ ደጁን ተሳለመች። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡበት ደብር ነው። ብርዱ ደስ ይላል።

ከዚያ ባሕር ዛፎቹ መሃል ገባን። ጎንበስ ብላ ለጋ ቅጠል ቀጠፈች። በመዳፏ አሸት አሸት አድርጋ አፍንጫዬ ሥር አመጣችው። «ልጅ እያለህ ጉንፋን ሲይዝህ በዚህ ነበር የማጥንህ። ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆነህ ስታለቅስ!» አላስታውሰውም ነበር። ሽታው ግን ወዲያው አወቀኝ። ሌላ ቅጠል ጨመረችና መረጃዎቿን በያዘው ፌስታል ውስጥ፣ ከፎቶ ኮፒዎቹ መሃል ከተተችው።

እኔና እማዬ ብቻችንን የምንውለው ጉዳይ ሲኖር ነው፤ ሐኪም ቤት፣ ባንክ፣ ወረዳ። ያለዚያማ ቤቱ በሰው ይሞላል፣ ወግ የሚባል ነገር የለም። ስለ ልጅነቴ ይህን ያህል አውርታኝ አታውቅም።

ከሰዓት መታወቂያው ታደሰ። በሚቀጥለው ሳምንት ባንክ መሄድ አለባት። አራት ኪሎ ስለሆነ መጀመሪያ ማኪያቶና ኬክ እጋብዛታለሁ።