ፓስፖርቱ የሚጀምረው ቆረጣ ክፍል ነው

የምሠራው ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ነው። አብዛኛው ምርታችን የሚሸጠው አውሮፓ ነው። አንድ ገዢያችን "ለዲጂታል የምርት ፓስፖርት ምን ያህል ተዘጋጅታችኋል?" የሚል ረጅም መጠይቅ ላከ። ፓስፖርቱ ምርቱ ከምንና የት እንደተሠራ የሚይዝ፣ ዕቃው ላይ ባለ ኮድ በስልክ የሚከፈት የመረጃ መዝገብ ነው። መጠይቁ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ከርሞ መጨረሻ ላይ እኔ ጋ ቀረ። የጥራት ቁጥጥር ሰው ስለሆንኩ ወረቀት የምወድ መስያቸው ይሆናል።

መጀመሪያ ያደረግኩት ሕጉን ራሱን ማንበብ ነው። በዚያ ሰሞን ሶፍትዌር ሻጮች ስልክ አላስቀምጥ ብለውን ነበር። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፤ ቀኑ ደርሷል፣ ቶሎ ግዙ። ሕጉ ግን እንደዚያ አይልም። ፓስፖርቱን ያመጣው ኢኤስፒአር የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የዘላቂ ምርቶች ደንብ የጸናው እ.ኤ.አ. ጁላይ 18 ቀን 2024 ነው። ነገር ግን ማዕቀፍ ነው፤ ለየምርት ዓይነቱ ዝርዝር ደንብ ለብቻው ይወጣለታል። የአውሮፓ ኮሚሽን በኤፕሪል 2025 ባወጣው የሥራ ዕቅድ ልብስ፣ የቤት ዕቃ፣ ፍራሽ፣ ጎማ፣ ብረትና አሉሚኒየም ቅድሚያ ተሰጥቷቸዋል። ለልብስ የተያዘው ዓመት 2027 ነው። ዝርዝሩ ከወጣ በኋላም በመደበኛው ቢያንስ 18 ወር የመዘጋጃ ጊዜ አለ። ቁርጥ ያለ ቀን የተቆረጠለት የባትሪ ፓስፖርት ነው፤ ለኤሌክትሪክ መኪና ባትሪና ለመሰሎቹ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2027።

ይህን ለሥራ አስኪያጃችን ሳስረዳ "ታዲያ ምን ያጣድፍሃል?" አሉኝ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። የኔ መልስ ሁለት ነበር። ሕጉ ባይደርስም ገዢው ደርሷል። ደግሞ መረጃ ወደ ኋላ ተመልሶ አይለቀምም። ዛሬ ያልተጻፈ የሎት (በአንድ ዙር አብሮ የተመረተ ዕቃ) ቁጥር ከሁለት ዓመት በኋላ ቢፈለግ ከየት ይመጣል?

ከዚያ ከማሸጊያ ክፍል አንድ ያለቀለት ቲሸርት አነሳሁና ወደ ኋላ መከተል ጀመርኩ። ከካርቶኑ ወደ ትዕዛዝ ቁጥሩ፣ ከትዕዛዙ ወደ ስፌት መስመሩ፣ ከመስመሩ ወደ ባንድል ቲኬቱ፣ ማለትም የተቆረጡት ክፍሎች እሽግ ላይ ወደሚደረገው ወረቀት። እስከዚህ ሰላም ነው። ቆረጣ ክፍል ስደርስ ዱካው ጠፋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ የጨርቅ ጥቅል ከማቅለሚያ ፋብሪካ ሲመጣ ስቲከር አለው። የጥቅሉ ቁጥር፣ የቀለም ሎቱ፣ ሜትሩ፣ ክብደቱ ሁሉም እዚያ ላይ ነው። የሚለጠፈው ግን ጨርቁ ላይ ሳይሆን በተጠቀለለበት ላስቲክ ላይ ነው። ጨርቅ የሚያነጥፈውን ልጅ "ስቲከሩ የት ይሄዳል?" ብዬ ጠየቅኩት። በአገጩ የላስቲክ ክምሩን አሳየኝና "እሱማ ከላስቲኩ ጋር ነው የሚጣለው" አለኝ። የጥሬ ዕቃው ታሪክ በሙሉ፣ ከነሰርተፍኬቱ፣ በየቀኑ ከቆሻሻ ጋር ይወጣ ነበር ማለት ነው።

መፍትሔው ሶፍትዌር አላስፈለገውም። ለየንጣፉ፣ ማለትም አብሮ ሊቆረጥ ለተነባበረው ጨርቅ፣ አንድ ቅጽ አዘጋጀን። ላስቲኩ ሳይቀደድ ስቲከሩ ይላጥና ቅጹ ላይ ይለጠፋል። የንጣፍ ቁጥሩ ድሮም ባንድል ቲኬቱ ላይ ስለሚታተም ሰንሰለቱ ወዲያው ገጠመ። የቀለም ልዩነት እንዳይመጣ አንድ ንጣፍ ላይ ሁለት ሎት አለመቀላቀላችንም ረዳን። ያስቸገረው ሌላ ነው። ልጆቹ የሚከፈላቸው በሠሩት ልክ ነው፤ ስቲከር መላጥ ደግሞ ጊዜ ይበላል። የቀን ዒላማቸው እስኪስተካከል ድረስ ትእዛዙን ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት። አልፈርድባቸውም። ተጨማሪ ሥራ በነጻ ማዘዝ ቀላል ነው፣ ለሚያዘው።

አንድ ቀዳዳ እስካሁን አለ። ስፌት ላይ የተበላሸ ክፍል ሲተካ የሚቆረጠው ከትርፍራፊ ጨርቅ ነው፤ ትርፍራፊው ደግሞ ከሌላ ሎት ሊሆን ይችላል። አሁን የምንተካው ከዚያው ንጣፍ በተረፈው ብቻ ነው፤ ካልተገኘ ልብሱ ከትዕዛዙ ይወጣል። ምርት ክፍል በዚህ አሁንም ያጉረመርማል።

መረጃው በሞዴል፣ በባች (አብሮ በተመረተ መደብ) ወይም በእያንዳንዱ ዕቃ ደረጃ ይያዝ የሚለውን ደንቡ ለየምርቱ ዝርዝር ደንብ ይተወዋል። እኛ የመረጥነው ባችን ነው። የየልብሱን ለየብቻ መከታተል ለስብሰባ ያምራል እንጂ ወለሉ ላይ የሚሸከመው የለም።

አቅራቢዎችስ? መጠይቅ ብንልክ ሁሉም "አዎ፣ አዎ፣ አዎ" ብለው መለሱ። ስለዚህ መጠየቁን ትተን ከየሎቱ ጋር ሰነድ እንዲመጣ በግዢ ትዕዛዙ ላይ ጻፍን። ሰነድ ከሌለ ዕቃው ስቶር አይገባም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። አንድ ፋብሪካ የኦርጋኒክ ጥጥ ሰርተፍኬት አለው ማለት የላከላችሁ ጨርቅ ኦርጋኒክ ነው ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ፋብሪካው ብቁ መሆኑን ነው የሚናገረው። የሚያስፈልጋችሁ የዚያን ጭነት ስምና ክብደት የያዘው የግብይት ሰርተፍኬት ነው። ክብደቱን ከኢንቮይሱ ጋር አስተያዩት። ከተገዛው ክር በላይ ጨርቅ ከወጣ አንድ ቦታ ውሸት አለ። በተለይ ድጋሚ ጥቅም ላይ የዋለ ፖሊስተር ላይ ጠንቀቅ በሉ፤ ከአዲሱ በላብራቶሪ መለየት ስለሚያስቸግር ያላችሁ ማስረጃ የወረቀቱ ሰንሰለት ነው።

አንድ ጨርቅ አቅራቢ የፈትል ፋብሪካውን ስም አልናገርም ብሎ ድርቅ አለ። ገባኝ፤ እሱን ዘለን በቀጥታ እንዳንገዛ ፈርቷል። ደንቡ ራሱ መረጃ ለሁሉም እኩል ይከፈት አይልም፤ ሸማች የሚያየው፣ ጠጋኝ የሚያየው፣ ተቆጣጣሪ የሚያየው ይለያያል። በዚህ ተግባባን። ስሙ በኮድ ይያዛል፣ የሚከፈተውም ለኦዲተር ብቻ ነው።

ሶፍትዌሩን የገዛነው ይህ ሁሉ በኤክሴል ከሄደ በኋላ ነው። ሻጮቹን የጠየቅናቸው ጥቂት ነገር ነው። መረጃችንን በክፍት ፎርማት ይዘን መውጣት እንችላለን? ድርጅታችሁ ቢዘጋስ? ኪውአር ኮዱ የሚመራበት አድራሻ የማን ነው? ደንቡ ክፍት ስታንዳርድ ይጠይቃል፣ በአንድ ሻጭ መታሰርን ይከለክላል፣ መጠባበቂያ ቅጂም ያዛል። ኮዱ በሻጩ አድራሻ ከታተመ ግን ውል ባቋረጣችሁ ማግስት የተሸጠው ልብስ ሁሉ ባዶ ገጽ ይከፍታል። ኮዱን ደግሞ እጠቡት! የመጀመሪያው ናሙናችን ላይ የታተመው ኮድ ልብስ ማጠቢያ ማሽኑን አልቻለውም። ስልክ ቢደገንበት ቢደገንበት እምቢ አለ። አሁን የምናሳትመው ተለቅ አድርገን ነው፣ ሌላ የሪባን ጨርቅ ላይ።

ከሽያጭ ክፍል ጋር የተጣላሁት ግን በዚህ ሁሉ አይደለም። "ለአካባቢ ተስማሚ" የሚለውን ጽሑፍ ከመለያ ካርዱ ላይ ይነሳ በማለቴ ነው። ከሴፕቴምበር 27 ቀን 2026 ጀምሮ የሚሠራው የአውሮፓ መመሪያ እንዲህ ያለውን ጥቅል አባባል ያለ በቂ ማስረጃ መጠቀም ይከለክላል። "እና ምን እንበል?" አሉኝ። የጥጡን መቶኛና የሰርተፍኬቱን ቁጥር ጻፉ አልኳቸው። አያምርም አሉ። እውነት ነው፣ አያምርም፤ ግን ሲጠየቅ ይቆማል።

አሁን የቀረን መለዋወጫው ነው፤ ክር፣ ዚፕ፣ አዝራር። እነዚህ ትንንሽ አቅራቢዎች ናቸው፤ ሲስተም የሚባል ነገር የላቸውም። የጠየቅኳቸው ኢንቮይሱ ላይ የሎት ቁጥር እንዲጽፉ ብቻ ነው። የዚፑ ሰውዬ ጀምሯል። የአዝራሩ ግን አሁንም ካርቶኑ ላይ የሚጽፈው ቀለሙን ብቻ ነው።