ግጭ ካምፕ ላይ ያባከንኩት ሰዓት

ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አስጎብኚ ሆኜ ስሠራ ስለ ኔትወርክ የነበረኝ አቋም አንድ ነው፤ ባይኖር ይሻላል። እሜት ጎጎ አፋፍ ላይ፣ 3,926 ሜትር ወጥቶ በስልክ የሚጮህ ሰው አይቻለሁ። ጭላዳዎቹ እንኳ ዞር ብለው ያዩታል።

አንድ ማታ ግጭ ካምፕ አደርን። ቦታው 3,600 ሜትር ግድም ነው፣ መኪና አይገባበትም። ከእራት በኋላ አንዱ እንግዳዬ "ራሴን" አለ፣ አስታወከ። ከድንኳኑ ሲወጣ እንደ ሰካራም ተንገዳገደ። ከፍታ ያመመው ሰው መንገዳገድ ከጀመረ ቀልድ የለም። መድኃኒቱ መውረድ ነው፣ በጨለማም ቢሆን።

እኔ ግን ስልኬን ይዤ ጉብታው ላይ ወጣሁ። ሾፌራችን ደባርቅ ነው፤ ቀጠሯችን በማግስቱ ጨነቅ ካምፕ ነበር። ጉብታው ላይ አልፎ አልፎ አንድ መስመር ኔትወርክ ትመጣለች። ደወልኩ፣ ተቋረጠ። ድንጋይ ላይ ወጥቼ ደወልኩ፣ ተቋረጠ። ኔትወርክ ጭራሽ ባይኖር ኖሮ ወዲያው በቅሎ አስጭነን እንወርድ ነበር። ያቺ ብቅ ጥልቅ የምትል መስመር ናት አስራ ያቆየችኝ። ብርዱና ፍለጋው ደግሞ ባትሪዬን እየጨረሱት ነበር።

ስካውታችን፣ አብረውን የሚሄዱት ጠባቂ፣ ጠመንጃቸውን እንዳነገቱ መጡ።

"አንተ ልጅ፣ ሰውየው እየባሰበት ነው። ምን ትጠብቃለህ?"

"መስመር እየፈለግኩ ነው ጋሼ።"

"ጽፈህ ላክለትና ና!"

እውነታቸውን ነው። ወሬ የማይቋረጥ መስመር ይፈልጋል፤ ለአጭር መልእክት ግን የቅጽበት ክፍተት ይበቃዋል። "ሰው ታሟል፣ መንገዱ ላይ ጠብቀን" ብዬ ላክሁ። መድረሱን ሳላውቅ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ጠፋ።

እንግዳውን በቅሎ ላይ አውጥተን፣ ግራና ቀኝ ደግፈን ወረድን። መኪና መንገዱ ጋ ስንቃረብ መብራት አየን። ሰውየው ዝቅ ካልን በኋላ እየተሻለው ሄደ።

አሁን ከሾፌር ጋር ቀጠሮውን ከደባርቅ ሳንወጣ ነው የምንጨርሰው፤ "በዚህ ሰዓት ካልታየን እዚህ ቦታ ና" ብለን። ስለ ኔትወርክም ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ካምፖቹ ላይ አስተማማኝ መስመር ይግባ፤ ማማው ግን ዋልያ ከሚውልበት ገደል ይራቅ። በ2011 ዓ.ም. ፓርኩ ሲቃጠል ያየ ሰው፣ ቶሎ ለመጠራራት መስመር ያስፈልጋል ስል አይከራከረኝም።

መኪናው ውስጥ ሆነን ስልኬ መሞቱን ስነግራቸው፣ ስካውቱ ባለቁልፍ ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ከተነሳን ጀምሮ አልሞሏትም።

"ይቺም እኮ ትጽፋለች" አሉኝ።

"ታዲያ ምነው ዝም አሉ?"

"መች ጠየቅኸኝ?"